ሦስተኛው ሰው አልተጠየቀም

ከቶኪዮ በስተደቡብ ዮኮሱካ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። እዚያ፣ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ የጃፓን ብሔራዊ የመከላከያ አካዳሚ ተቀምጧል። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው። ሲያልቅ ተመራቂዎቹ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወርውረው ከአዳራሹ እየሮጡ ይወጣሉ። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ላየው ሰው ደስ ይላል።

በአካዳሚው የሚማሩት ሁሉ ግን ጃፓኖች አይደሉም። ከ1958 ጀምሮ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሌላ አገር ዕጩ መኮንኖችንም ይቀበላል። መጀመሪያ ከታይላንድ መጡ፤ በኋላ ከቬትናም፣ ከካምቦዲያ፣ ከሞንጎሊያ፣ ከኢንዶኔዥያ። ልጆቹ ቋንቋውን ከተማሩ በኋላ ከጃፓኖቹ ጋር አንድ ግቢ ያድራሉ፣ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ወደየአገራቸው ተመልሰው የጦር መኮንን ይሆናሉ። እንግሊዝ በሳንድኸርስት፣ ፈረንሳይ በሳን ሲር፣ አሜሪካ በዌስት ፖይንት ይህንኑ ያደርጋሉ። የቆየ ልማድ ነው።

ከ2015 ወዲህ የምያንማር ወታደሮችም ጃፓን እየሄዱ መማር ጀመሩ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 የምያንማር ጦር መፈንቅለ መንግሥት አደረገ። የተመረጡትን መሪዎች አሰረ፤ አደባባይ የወጣውን ሕዝብ በጥይት ተቀበለ። ጃፓን ያሉት ሠልጣኞች ግን ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ አዳዲስም መጡ። በጁላይ 2022 ወታደራዊው መንግሥት አራት የዴሞክራሲ ታጋዮችን በሞት ቀጣ። ከእነሱ መካከል የቀድሞ የፓርላማ አባልና የሂፕ ሆፕ አቀንቃኝ የነበረው ፍዮ ዜያ ቶ ይገኝበታል። ከዚህ በኋላ በሴፕቴምበር የጃፓን መከላከያ ሚኒስቴር ከሚቀጥለው የበጀት ዓመት ጀምሮ አዲስ የምያንማር ሠልጣኝ አልቀበልም አለ። በትምህርት ላይ ያሉት ግን እንዲጨርሱ ተተዉ።

ይህን ነገር ሳነብ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። የሰው አገር ወታደር ያሠለጠነ አገር፣ ሠልጣኙ አገሩ ገብቶ ለሚያደርገው ነገር ተጠያቂ ነው ወይስ አይደለም? ከሆነስ እስከ ምን ድረስ?

እኔ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ይሁንና ሥራዬ ለማላውቀው ቦታ የሚሄድ ነገር ሠርቶ ማስረከብ ነው። ካስረከብኩት በኋላ ማን፣ በማን ላይ፣ ለምን እንደሚጠቀምበት አልቆጣጠርም። ስለዚህ ጥያቄው የጄኔራሎች ብቻ አልመሰለኝም። ብዙ ጊዜ የሚሰጡትን ሦስት መልሶች አንድ በአንድ ላንሳቸውና የቱ ጋ እንደሚጎድሉ ልናገር።

አንደኛው መልስ፦ «መልካም ነገር ይማራሉ»

የዚህ ዓይነት ትምህርት ደጋፊዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ይህንን ነው። ልጁ መጥቶ የሠለጠነ ጦር ምን እንደሚመስል ይይ፤ ወታደር በሕዝብ ለተመረጠ ሲቪል መታዘዙን በዓይኑ ይመልከት፤ ሲመለስ ይህንን ይዞ ይሄዳል።

መከራከሪያው ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። የዮኮሱካው አካዳሚ ራሱ የተመሠረተው በዚህ እምነት ነው። ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከደረሰባትና ካደረሰችው በኋላ፣ በ1950ዎቹ አዲስ መኮንን ማፍራት ስትጀምር የአካዳሚው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት አድርጋ የሾመችው ወታደር አልነበረም። ማኪ ቶሞኦ የፖለቲካ አስተሳሰብ ምሁር ነበር። ዓላማው መኮንኑ ከመኮንንነቱ በፊት የዴሞክራሲ ዜጋ እንዲሆን ነበር። ለጃፓኖቹም ሠርቷል ማለት ይቻላል።

ለእንግዶቹስ? እዚህ ላይ የኛ ሙያ ሰዎች የሚቀልዱበት አንድ ዓረፍተ ነገር ትዝ ይለኛል፦ «እኔ ኮምፒውተር ላይ እኮ ይሠራል!» አንድ ፕሮግራም ጽፈህ አንተ ማሽን ላይ እንደ ሰዓት ይሄዳል፤ ደንበኛው ሰርቨር ላይ ስትጭነው ገና ከመነሳቱ ይወድቃል። ፕሮግራሙ ላይ ስህተት ስላለ ላይሆን ይችላል። አንተ ማሽን ላይ ቀድመው የተጫኑ፣ ከመልመድህ የተነሳ የማታያቸው፣ ፕሮግራሙ ግን የተደገፈባቸው ሌሎች ነገሮች ስላሉ ነው። እነሱን አብረህ አላሸግካቸውም።

ለሲቪል የሚታዘዝ መኮንንም እንደዚሁ ነው። ትእዛዝ ጠባቂነቱ ልቡ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ነገር አይደለም። በጀቱን የሚቆርጥበት ፓርላማ፣ ቢያጠፋ የሚከሰስበት ፍርድ ቤት፣ ስሙን ጽፎ የሚያወጣ ጋዜጠኛ፣ «አይሆንም» የሚለው ጓደኛ መኮንን፣ እነዚህ ሁሉ ደግፈውት ነው የቆመው። ልጁ አራት ዓመት ተምሮ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ከእነዚህ አንዱንም ይዞ አይሄድም። ይዞት የሚሄደው ስልት፣ ሥርዓትና ዲግሪ ነው።

ማስረጃ ካስፈለገ ሕንድና ፓኪስታንን አይቶ መፍረድ ነው። ሁለቱ አገሮች በ1947 ሲለያዩ መኮንኖቻቸው የአንድ ጦር ልጆች ነበሩ፤ በሳንድኸርስት ወይም በዴህራዱን አካዳሚ አብረው የተማሩ፣ አንድ ሜስ የበሉ፣ በአንድ መጽሐፍ የሠለጠኑ። የሕንድ ጦር ከዚያን ጊዜ እስከ ዛሬ አንድም መፈንቅለ መንግሥት አላደረገም። በፓኪስታን በኩል የሳንድኸርስቱ ምሩቅ አዩብ ኻን በ1958 ሥልጣን ያዘ፤ ከእሱ በኋላም ሌሎች ጄኔራሎች ተከተሉት። ትምህርት ቤቱ አንድ፣ ትምህርቱ አንድ፤ ልዩነቱ የተመለሱበት ቤት ነው።

ይህ ታሪክ ወደኛ ደጅም ይደርሳል። የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲከፈት አስተማሪዎቹ የሕንድ መኮንኖች ነበሩ። ማለትም ፖለቲካ ውስጥ ባለመግባቱ ከሚታወቅ ጦር የመጡ ሰዎች ናቸው የኛን ልጆች ያስተማሩት። እነሱ ግን ያደጉበት ሥርዓት ፓርላማና ምርጫ ነበረው። የኛ ምሩቅ የሚምለው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ከንጉሡ ሌላ ተጠያቂ የሚሆንለት አካል አልነበረም። በ1974 ዙፋኑ ሲናወጥ፣ መኮንኑን የሚይዘው ሌላ ገመድ ስላልነበረ አገሪቱ በወታደር እጅ ወደቀች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ 60 ያህል ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ለዚህ የሕንድ መምህራንን መውቀስ ነውር ይሆናል። «መልካም ትምህርት መልካም ጦር ያወጣል» የሚለውን ሐሳብ ግን ይህን አይቶ ዝም ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሁለተኛው መልስ፦ «እኛ የምንሰጠው ዕውቀት ብቻ ነው»

ይህ መልስ ለኔ ቢጤ በጣም የሚጥም ነው። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ተናግሮታል። ፊዚክስ የማንም አይደለም። ካርታ ማንበብ፣ ድልድይ መሥራት፣ ሬዲዮ መጠገን በራሱ ክፉም ደግም አይደለም። መጥረቢያ እንጨትም ይፈልጣል፣ ራስም ይፈልጣል፤ የሠራው ቀጥቃጭ ምን ዕዳ አለበት?

መጥረቢያውን ትንሽ ቆየት ብለን እንየው። ገበያ ላይ መጥረቢያ የሚሸጥ ሰው ገዢውን አያውቅም። ነገር ግን ጎረቤትህ ማታ በርህን አንኳኳና «መጥረቢያህን አውሰኝ» አለህ እንበል። ከበስተጀርባው፣ ከቤቱ፣ የልጆቹ ለቅሶ ይሰማል። ፊቱ ተለዋውጧል። አሁን «መጥረቢያ ዕቃ ነው» ብትል ማንም አይሰማህም። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንተ የምታውቀው ነገር ነው።

እኛ ዘንድም ይህ ልዩነት አለ። ክፍት ምንጭ በሚባለው አሠራር ኮድህን ለዓለም ስትለቅ ፈቃዱ ላይ «ለዚህ ሥራ ተጠቀሙበት፣ ለዚያ አትጠቀሙበት» ብለህ መለየት አይፈቀድልህም፤ የክፍት ምንጭ ትርጓሜ ራሱ ይከለክላል። ለሆስፒታልም ይሁን ለሚሳይል፣ ለሁሉም ክፍት ነው። ብዙዎቻችን በዚህ እንስማማለን፤ ምክንያቱም የመጽሐፍ ያህል ነው፣ አንባቢውን አታውቀውም። ደንበኛ ስሙን ጠርቶ፣ ውል ይዞ፣ «ይህንን ሥራልኝ» ብሎ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ምን እንደሚፈልግም ነግሮሃል።

የጦር አካዳሚ ክፍት ምንጭ አይደለም። ተማሪው በስም ይታወቃል፤ ፓስፖርቱ ተገልብጧል፤ የላከው ጦር ደብዳቤ ጽፏል፤ ሲመለስ የሚመደብበት ሠራዊት ግልጽ ነው። ከፌብሩዋሪ 2021 በኋላ ደግሞ ያ ሠራዊት ምን እያደረገ እንደሆነ ዓለም በስልኩ ያየው ነበር። ለቅሶው ከበስተጀርባ ይሰማል ማለት ነው። «ዕውቀት ብቻ ነው» የሚለው መልስ የሚያገለግለው ለማያውቅ ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጦር ትምህርት ዕውቀት ብቻ ሆኖ አያውቅም። መኮንን የሚሆን ሰው የሚማረው ዋናው ነገር ሌሎች ሰዎች እንዲታዘዙት ማድረግ ነው። ፊዚክሱን ከኢንተርኔት ማግኘት ይችላል፤ ከታወቀ አካዳሚ የመመረቅን ክብር ግን ከኢንተርኔት አያገኝም። ያ ዲፕሎማ አገሩ ሲገባ ሹመት ነው፣ ሞገስ ነው፣ «እነ እከሌም ዕውቅና ሰጥተውናል» የሚባልበት ማኅተም ነው።

ሦስተኛው መልስ፦ «የጠየቀን ሕጋዊ መንግሥት ነው»

ይሄ የዲፕሎማቶች መልስ ነው። እኛ ከመንግሥት ጋር ነው የተዋዋልነው፤ መንግሥቱ በዓለም የታወቀ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የውስጥ ጉዳይ ነው።

ይህ መልስ የት እንደሚያደርሰን ለማየት ሁለት ሥልጠናዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

የመጀመሪያው ያው የጃፓንና የምያንማር ነው፤ ግን ከ80 ዓመት በፊት። በ1941 ሱዙኪ ኬይጂ የሚባል የጃፓን ኮሎኔል፣ ያኔ በርማ ትባል ከነበረችው አገር በስውር የወጡ ወጣቶችን ሃይናን በምትባል ደሴት ላይ አሠለጠነ። ታሪክ «ሠላሳዎቹ ጓዶች» ብሎ ያውቃቸዋል። ያኔ የአገሩ ሕጋዊ ገዢ እንግሊዝ ነበር፤ ልጆቹ በሕግ ዓይን ከዳተኞች ነበሩ። ጃፓንም ያሠለጠነቻቸው ለነሱ አዝና አልነበረም፤ የራሷ ጦርነት ነበረባት። ከሠልጣኞቹ አንዱ አውንግ ሳን ነው። ከጃፓን ጋር አገሩ ገባ፤ ቆይቶ የጃፓን አገዛዝ ከእንግሊዙ የባሰ ሲሆንበት ማርች 27 ቀን 1945 አፈሙዙን ወደ አሠልጣኞቹ አዞረ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ለጦር አካዳሚ አይሠራም። ያ ቀን እስከ ዛሬ የምያንማር የጦር ኃይሎች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ከሠላሳዎቹ ሌላው ኔ ዊን ነው። አውንግ ሳን በ1947 ተገደለ፤ ኔ ዊን በ1962 መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ አገሪቱን ለ26 ዓመት በወታደር እጅ አስገባት። በአንድ ደሴት፣ በአንድ አሠልጣኝ ሥር የተማሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። በ2021 ጦሩ ያሰራት አውንግ ሳን ሱ ቺ የአውንግ ሳን ልጅ ናት፤ የአባቷ ጦር ነው ያሰራት። በዚያው ዓመት ማርች 27፣ በጦር ኃይሎች ቀን፣ ወታደሮቹ በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ሰው ገደሉ።

ሁለተኛው ሥልጠና የኛ ነው። ያው ኔ ዊን ሥልጣን በያዘበት በ1962፣ ኔልሰን ማንዴላ አዲስ አበባ መጣ። ኮልፌ በሚገኘው ካምፕ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ የበላይነት ወታደራዊ ትምህርት ወሰደ፤ መተኮስ፣ ፈንጂ፣ ረጅም የእግር ጉዞ። ሥልጠናው ለስድስት ወር የታሰበ ነበር፤ ሁለት ወር ገደማ እንደሆነ ከድርጅቱ ጥሪ መጣና ተመለሰ። ሲሄድ ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሰጡት። ኦገስት 5 ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተያዘ፤ ለ27 ዓመት ታሰረ።

በሦስተኛው መልስ ከሄድን ኮልፌ ላይ የተሠራው ነገር ጥፋት ነው። ሠልጣኙን የላከ መንግሥት የለም፤ እንዲያውም ሥልጠናው የአገሩን መንግሥት ለመውጋት ነበር። በተቃራኒው ከ2021 በኋላ የምያንማርን ዕጩ መኮንን ማሠልጠን ምንም ነውር የለውም፤ ወረቀቱ ሙሉ ነው። ይህን የሚል ሚዛን ሚዛን አይመስለኝም። ሕጋዊነት የሚነግረን ማን ከማን ጋር እንደተዋዋለ ነው። በማን ላይ እንደተዋዋሉ አይነግረንም።

ያልተጠየቀው ሰው

ሦስቱም መልሶች የሚዘሉት አንድ ሰው አለ።

ሥልጠና የሁለት ወገን ውል ነው፤ የሚልክና የሚቀበል። ሁለቱም ይጠቀማሉ። ላኪው መኮንን ያገኛል፤ ተቀባዩ ወዳጅ፣ ወሬ፣ ተሰሚነት ያገኛል። ያ መኮንን ነገ አፈሙዙ ፊት የሚያቆመው ሰው ግን ውሉ ላይ የለም። ያንጎን ውስጥ ብረት ድስት እየደበደበች ተቃውሞዋን የምታሰማ ሴት፣ ዮኮሱካ ውስጥ ስለሚከፈል የትምህርት ወጪ ማንም አላማከራትም። የሚሠለጥነው እሷ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሦስተኛ ወገን ናት።

አንድ ጊዜ በምሠራበት ቦታ አንድ ደንበኛ ዕቃ የሚያደርሱ ሞተረኞችን የሚከታተል ሲስተም አዘዘን። ሲስተሙ ልጆቹ የት እንዳሉ ያያል፤ ከዘገዩ በራሱ ከደመወዛቸው ይቆርጣል። ስብሰባ ላይ ስለ ካርታው፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ዋጋው ተነጋገርን። በመጨረሻ ዝም ብላ የቆየች አንዲት ባልደረባችን እጇን አወጣችና «ሲስተሙ ከተሳሳተ ልጁ ለማን ነው የሚደውለው?» አለች። ክፍሉ ጭጭ አለ። ለማንም አይደውልም ነበር። እንዲደውል አልታሰበም። ቅሬታ ማቅረቢያና ውሳኔውን የሚያይ ሰው ካልተጨመረ አንሠራም አልን፤ ደንበኛው እያጉረመረመ ተቀበለ።

የሷ ጥያቄ ለጦር አካዳሚም ትክክለኛው ጥያቄ ይመስለኛል። ይህ መኮንን ሲሳሳት፣ የተሳሳተበት ሰው ለማን ነው የሚደውለው? አቤት የሚባልበት ፍርድ ቤት አለ? የሚጽፍ ጋዜጠኛ አለ? በሚቀጥለው ምርጫ አለቃውን የሚያወርድ ድምፅ አለው? መልሱ «ለማንም» ከሆነ፣ አሠልጣኙ ያስታጠቀው አንድን ሰው ብቻ አይደለም፤ ማንም የማይጠይቀውን ኃይል ነው። ይህንን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ነገ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አይቻልም፤ ዛሬ ለማን ተጠያቂ እንደሆነ ግን ማወቅ ይቻላል።

ኮልፌን በዚሁ ጥያቄ እንፈትነው፤ ለኛ ሲሆን ማዳላት የለብንም። የ1962ቱ የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሕዝብ የሚደውልበት ቦታ አልነበረውም። ድምፅ የለው፣ ፓርላማ የለው፣ ድርጅቱ ታግዶበታል። ኢትዮጵያ ያሠለጠነችው ከዚያ ከማይሰማው ወገን የመጣውን ሰው ነው። ይሁን እንጂ ማንዴላ የመሠረተው የጦር ክንፍም ሦስተኛ ሰው ነበረው። በ1983 ፕሪቶሪያ ቸርች ጎዳና ላይ ባፈነዳው ቦምብ 19 ሰው ሞቷል፤ ከሟቾቹ መካከል መንገደኞች ነበሩ። ልዩነቱ በኋላ የመጣው ነው። የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን የነፃነት ታጋዮቹንም ጠየቀ፤ እናንተም በደል ፈጽማችኋል ብሎ ጻፈ። በ1998 ፓርቲው ሪፖርቱ እንዳይወጣ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ተሸነፈ። ማንዴላ ግን ሪፖርቱን ተቀበለ። የተበደለው ሰው የሚደውልበት ስልክ ነበር፤ ሲደወልም ተነሣ። ለኔ ኮልፌን ከሃይናን የሚለየው ይህ ነው፤ የሠልጣኙ ደግነት አይደለም።

ሁለት ተቃውሞዎች

«እኛ ባናሠለጥናቸው ሌላው ያሠለጥናቸዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የምያንማር መኮንኖች ሩሲያም ሄደው ይማራሉ። ጃፓን በሯን ስትዘጋ ጦሩ ይዳከማል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ነገር ግን ይህንን መከራከሪያ ከሌባ አፍ ስንሰማው አንቀበለውም፦ «እኔ ባልሰርቀው ሌላው ይሰርቀው ነበር።» ውጤቱ ላይለወጥ ይችላል፤ እጁ የማን እንደሆነ ግን ይለወጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብደኛል። ልጁስ? የ20 ዓመት ወጣት ነው፤ መፈንቅለ መንግሥቱን እሱ አላደረገም። ጃፓንኛ ተምሮ፣ ጓደኛ አፍርቶ፣ ግማሽ መንገድ ደርሶ ሳለ በጄኔራሎቹ ኃጢአት ማባረር ፍትሕ ነው? ይህንን ሳስብ ጃፓን ያሉትን አስጨርሳ አዲስ አለመቀበሏ ምንም ትርጉም የለውም ማለት አልችልም። ሰው መሣሪያ አይደለም። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ «በሕዝቤ ላይ አልተኩስም» ብለው ጦሩን የከዱ በርካታ የምያንማር ወታደሮች አሉ። ከዮኮሱካ ተማሪዎችም መካከል እንደዚያ የሚያስብ አይኖርም ብሎ ማን ይምላል?

ለዚህ ነው ውሉ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለበት የምለው። የሰው አገር ዕጩ መኮንን የሚቀበል አገር፣ ልጁ አንድ ቀን «ወደዚያ ጦር አልመለስም» ቢል የሚያስቀረው በር ቀድሞ ሊያዘጋጅ ይገባል። ጥገኝነት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በዲግሪው ሌላ ሥራ የሚይዝበት መንገድ። ያን በር ሳይከፍቱ «ዴሞክራሲ እያስተማርነው ነው» ማለት፣ እንቢ ማለትን አስተምሮ እንቢ የሚልበትን ቦታ መንሳት ነው። በሩ ከተከፈተ ግን ልጁ ሲመለስም ባይመለስም ምርጫው የራሱ ይሆናል። ኃላፊነቱም ያኔ በእውነት ወደሱ ይተላለፋል። የላከው መንግሥት ይህን አንቀጽ ሲያይ ውሉን አልፈርምም ሊል ይችላል። እሱም ራሱን የቻለ መልስ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዲህ ብዬ ነው የምመልሰው። አሠልጣኝ ሠልጣኙ ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ነገር አይጠየቅም፤ ያማ ከሆነ ማንም ማንንም አያስተምርም። የሚጠየቀው ሲቀበለው ሊያውቅ ለሚችለው ነው። የላከው ማን ነው? የሚመለስበት ቤት ምን ይመስላል? እዚያ ያሉ ሰዎች ሲበደሉ የሚጮኹበት ቦታ አላቸው? ልጁስ ካልፈለገ የሚቀርበት በር አለው? እነዚህን ጠይቆ፣ መልሱን አይቶ፣ ደግ ነው ብሎ ያሠለጠነ አገር ኋላ ነገሩ ቢበላሽ ሐዘን እንጂ ዕዳ የለበትም። ሳይጠይቅ ያሠለጠነ ግን «አላወቅሁም» ማለት አይችልም፤ አለማወቁን የመረጠው ራሱ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ጃፓን ሩቅ ስለሆነች ቀሎኝ አይደለም። ኮልፌን በኩራት የምናስታውስ ሰዎች ነን፤ ያስተማሩት ታደሰ ብሩ ግን በ1975 በራሳቸው አገር ወታደሮች ተገድለዋል። ማንዴላን ያስተማሩ ሰው ራሳቸው ተራቸው ሲደርስ የሚደውሉበት አጡ። ገዳዮቻቸውም አንድ ጊዜ ዕጩ መኮንን ነበሩ፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው ፊት ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ ተመርቀዋል። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ላኪውም አሠልጣኙም ነበሩ፤ አጨበጨቡ። ሦስተኛው ሰው አልተጠራም።